ከሐረጎ ቁልቁለት እስከ ጅቡቲ፦ የጉዞ ማስታወሻ

ሰኞ

ከደሴ የተነሳነው ሳይነጋ ነው። ወሩ ጥር ስለሆነ ብርዱ ለጉድ ነበር። አንዱ ጋቢ ለብሷል፣ ሌላው ጃኬት በጃኬት ደርቧል። ሾፌሩ በመስታወት አየት አድርጎን «ሚሌ ስንደርስ ይሄን ሁሉ ታወልቁታላችሁ» አለ። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እኛ የምንሄደው ደግሞ ባሕሩ ድረስ ነው። መንገዱ እንግዲህ ቁልቁለት ነው።

ሐረጎን ተጠማዘን ወርደን ኮምቦልቻ ላይ የቀሩትን ሰዎች ጫንን። አብዛኞቻችን የአንድ ዕቁብ ሰዎች ነን። ነጋዴ አለ፣ መምህር አለ፣ አንዲት ነርስ አለች። ቪዛውን አስጎብኚ ድርጅቱ ጨርሶልናል። ጅቡቲ ላይም አማርኛ የሚችል አስጎብኚ ይጠብቀናል ተብለናል። ከኮምቦልቻ ከተሳፈሩት መካከል ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሾፌር ይገኙበታል። በስማቸው የሚጠራቸው የለም፤ ሁሉም ሰው «ሐጂ» ነው የሚላቸው። የፊቱ ወንበር ያለ ክርክር ተለቀቀላቸው።

ኮምቦልቻን ብዙ ሰው የሚያውቃት በፋብሪካዎቿ ነው። ጨርቃ ጨርቁ፣ ቢራው፣ አሁን ደግሞ ኢንዱስትሪ ፓርኩ። ከፋብሪካው በፊት ግን መንገዱ ነበር። ጣሊያን በወረራው ዘመን ከአሰብ ተነስቶ ወደ ደሴ የሚወጣ መንገድ ሠራ። ያ መንገድ ከአዲስ አበባ ወደ አስመራ ከሚሄደው ጋር የሚገናኘው ኮምቦልቻ ላይ ነው። መኪናው እዚህ ያድራል፣ ጎማው እዚህ ይለወጣል፣ ሾፌሩ እዚህ ይበላል። ከተማዋም በዚያው አደገች። አሰብ ከተዘጋ ወዲህ የተወለደ የኮምቦልቻ ልጅ ይሄን ላያውቀው ይችላል። ለሐጂ ግን ትናንት የሆነ ነገር ነው።

«በኤንትሬ ነበር የምንሄደው» አሉ ገና ከከተማ ሳንወጣ። ኤንትሬ ያቺ አሮጌዋ ፊያት ናት። «ዳገት ላይ ረዳቱ ወርዶ በእግሩ ይቀድመን ነበር።»

ባቲ የደረስነው ገበያው ሞቅ ሲል ነው። ሰኞ መነሳታችንም ለዚሁ ነው፤ የባቲ ገበያ የሚቆመው ሰኞ ነው። ከላይ ከደጋው አማራውና ኦሮሞው እህሉን ይዞ ይወርዳል። ከታች ከቆላው አፋሩ ግመሉን፣ ፍየሉንና ጨውን ይዞ ይወጣል። ቋንቋው ተደባልቋል። አንዲት ቅቤ ሻጭ እናት አንዱን ደንበኛ በአማርኛ፣ ቀጣዩን በኦሮምኛ፣ ሦስተኛውን በአፋርኛ ሲያስተናግዱ ቆሜ ሰማሁ። የግመሉ ተራ ለብቻው ነው። ነጋዴው ጓደኛችን የግመል ዋጋ ጠይቆ ደንግጦ ተመለሰ። አንድ ሰዓት ብቻ ተሰጥቶን ነበር፤ እኔ ብሆን ኖሮ ግማሽ ቀን እሰጠው ነበር። ሾፌሩ ክላክስ እያጮኸ ሰበሰበን። ከዚያ በኋላ እስከ ቆላው ድረስ በባቲ ቅኝት ዘፈን አወረደን፤ ምርጫው አሪፍ ነበር።

ሚሌ ላይ እንደተባለው ጃኬቱ ሁሉ ወለቀ። እዚያ ኬላ አለ፣ ጉምሩክ አለ፣ የከባድ መኪና ሰልፍ አለ። ከአዋሽ በኩል የሚመጣው መስመርም እዚሁ ይገባል። ሉሲ የተገኘችበት ሀዳርም ከዚህ ሩቅ አይደለም፤ መምህሩ ስለ እሷ ማስረዳት ጀምሮ ሙቀቱ አሸነፈው። አዳራችን ሎጊያ ሆነ። ሎጊያ የሾፌር ከተማ ናት፤ ሌሊቱን ሙሉ ሞተር ይጮኻል። እንቅልፍ ያገኘው ሐጂ ብቻ ናቸው። የሞተር ድምፅ ያስተኛቸዋል መሰለኝ።

ማክሰኞ

ሰመራን አልፈን ዲቾቶ ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወደ ጋላፊና ወደ ጅቡቲ ነው። ሌላው በማንዳና በቡሬ አድርጎ አሰብ ይገባል። ሐጂ ሾፌሩን «ትንሽ አቁም እስቲ» አሉት። ወረዱና የአሰቡን መንገድ ለጥቂት ጊዜ አዩ። ወደዚያ የሚሄድ መኪና አልነበረም። የአገራችን ዕቃ በዚያ በኩል መምጣት ያቆመው በግንቦት 1990 ዓ.ም ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሳ ነው። እስከዚያ ድረስ ዋናው ወደባችን አሰብ ነበር።

ተመልሰው ሲገቡ ነርሷ ጠየቀቻቸው። «አንቱ አሰብ ምን ትመስል ነበር?»

«ሙቀት ናት» አሉ። «ሙቀትና ነዳጅ። ቀን ቀን ከመኪና ሥር ነው የምንተኛው። ማታ እንጭናለን።»

አሰብ ራሷ ከቅኝ ግዛት ታሪክ ውስጥ የወጣች ከተማ ናት። በ1862 ዓ.ም ጁሴፔ ሳፔቶ የሚባል ሚሲዮናዊ ሩባቲኖ ለተባለ የጣሊያን የመርከብ ኩባንያ መሬቱን ከአካባቢው ሱልጣኖች ገዛ። ጥቂት ዓመት ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1882፣ የጣሊያን መንግሥት ከኩባንያው ተረከበው። የጣሊያን ቅኝ ግዛት በቀይ ባሕር ዳር እንዲህ በሱቅ ግዢ ነው የተጀመረው። የፈረንሳዩም ከዚህ እምብዛም አይለይም፤ ስንደርስ እመለስበታለሁ።

ስለ ጋላፊ ብዙ መጻፍ አልፈልግም። ቆምን፣ ተሰለፍን፣ ፓስፖርት አሳየን፣ እንደገና ቆምን። የከባድ መኪናው ሰልፍ ዓይን እስከሚያየው ድረስ ነው። ሾፌሮቹ ከተሳቢው ሥር ምንጣፍ ዘርግተው ሻይ ያፈላሉ። ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው የወጪና ገቢ ንግዳችን በጅቡቲ በኩል እንደሚያልፍ ሁልጊዜ በዜና እንሰማለን። ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ እዚያ ሰልፍ ላይ ነው። ኮምቦልቻ የምንገዛው ዘይት፣ ማዳበሪያው፣ የመኪና መለዋወጫው፣ ሁሉም ከእነዚህ ሰዎች ጀርባ ላይ ነው የሚመጣው።

ድንበሩን ከተሻገርን በኋላ ጥቁር ድንጋይ ብቻ ነው። ዲኪልን አለፍን። ግራንድ ባራ የሚባለው ሜዳ ጠረጴዛ ነው፤ ዛፍ የለ፣ ጉብታ የለ። አመሻሹ ላይ ባልባላ የሚባለው ሰፈር ጫፍ ደረስን። የቆርቆሮ ቤቶች ተደጋግፈው ቆመዋል፤ ሰፈሩ ሰፊ ነው። መብራት ይታያል። ከዚያ ወዲያ ከተማው ነው፣ ከከተማው ወዲያ ባሕሩ። ሚኒባሷ ውስጥ ባሕር አይተው የማያውቁት ብዙዎቹ ነበሩ። ጨልሞ ስለነበር ግን ያየነው ጥቁር ነገር ነው። «ነገ ታዩታላችሁ» ብለው ሐጂ አጽናኑን።

ረቡዕ

አስጎብኚያችን ወጣት ነው። እናቱ የድሬዳዋ ልጅ ናቸው፤ አማርኛው የድሬ ነው። ሐጂን «አባባ» ማለት ጀመረ፤ ትንሽ ቆይቶ እሱም ወደ «ሐጂ» ዞረ።

የጀመርነው ከምኒልክ አደባባይ ነው። በይፋ ስሙ የሰኔ 20 አደባባይ ነው፤ ጅቡቲ ነጻ የወጣችበት ቀን፣ ሰኔ 20 ቀን 1969 ዓ.ም። ሰው ግን አሁንም ምኒልክ ይለዋል። ዙሪያውን ነጭ ቀለም የተቀቡ፣ በረንዳቸው በቅስት የተሠራ ቤቶች አሉ። ከላይ የእንጨት መስኮት፣ ከታች ካፌ። ቅስቱ የአረብ ነው፣ ካፌው የፈረንሳይ ነው፣ አስተናጋጇ የደብረ ብርሃን ልጅ ናት። ቡናዋን ጠጣን።

ልጁ አንዱን የተላላጠ ግድግዳ አሳየን። ድንጋይ መስሎኝ ነበር፤ ኮራል ነው። ከባሕር የተቆረጠ ኮራል። ዛጎልና ቀዳዳ ቀዳዳው ይታያል። አሮጌው ከተማ የተሠራው በአብዛኛው በዚህ ነው። የቆመበት መሬትም ድሮ ደሴት የነበረ ኮራል ነው፤ ደሴቶቹን በአፈርና በድንጋይ ድልድል አገናኝተው ነው አንድ ከተማ ያደረጉት።

ታሪኩን ሲነግረን ልጁ የገዢዎችን ስም በተራ መደርደር ይወዳል። እሱን ልዝለለው። ዋናው ነገር እንዲህ ነው። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1862 ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ኦቦክን በ10,000 የማርያ ቴሬዛ ብር ገዛች። ሱዌዝ ካናል ሲከፈት መንገዱ ሁሉ በዚህ ሆነ። የዚያን ጊዜ መርከብ የሚሄደው በድንጋይ ከሰል ነው። ከሰሉ ኤደን ነበር፤ ኤደን ደግሞ የእንግሊዝ ናት። እ.ኤ.አ. በ1884 ፈረንሳይ በሩቅ ምሥራቅ ከቻይና ጋር ስትዋጋ እንግሊዝ ከሰል ከለከለቻት። ያኔ ኦቦክ ትዝ አለቻቸው። ኦቦክ ግን ለወደብ አልተመቸችም። ላጋርድ የሚባለው ገዢያቸው ወደዚህ ተሻገረ። እዚህ የተሻለ ውሃ አለ፣ ለመርከብ የተሻለ መጠለያ አለ፣ ወደ ሐረር የሚሄደው የሲራራ መንገድም ቅርብ ነው። ጅቡቲ የምትባል ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1888 በፊት አልነበረችም።

ቀጥሎ ወደ አሮጌው ባቡር ጣቢያ ሄድን። እኔ ከሁሉም የወደድኩት ይሄን ነው። ሕንጻው ዘሟል፣ አቧራ ለብሷል። ሐዲዱ ከዚህ ተነስቶ በ1890 ዓ.ም መዘርጋት ጀመረ። በ1895 ድሬዳዋ ደረሰ። አዲስ አበባ ለመድረስ ደግሞ እስከ 1909 ዓ.ም ፈጀ፤ በመካከል ኩባንያው ከሰረ፣ መንግሥታት ተጨቃጨቁ። ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር፣ የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር ብቻ። ድሬዳዋ የምትባለው ከተማ ራሷ የዚህ ባቡር ልጅ ናት። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር እዚህ አይመጣም፤ ከከተማ ወጣ ብሎ ናጋድ ላይ ነው የሚቆመው።

መምህሩ እዚህ ጣቢያ ላይ ያስታወሰን ነገር አለ። ህዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ ንጉሠ ነገሥቱ ደሴ ነበሩ። ከማይጨው ሽንፈት በኋላ ከአዲስ አበባ በዚሁ ባቡር መጡ። ሚያዝያ 26 ቀን ከዚህ ወደብ ኢንተርፕራይዝ በምትባል የእንግሊዝ የጦር መርከብ ተሳፍረው ወጡ። በማግስቱ ጣሊያን አዲስ አበባ ገባ። ደሴ ስለ ድብደባው ስንሰማ አድገናል። ታሪኩ የወጣበትን በር ግን አይተነው አናውቅም ነበር። አስጎብኚው ይሄን አልነገረንም፤ ወሎዬ ስላልሆነ አልፈርድበትም።

ከዚያ ነርሷ አንድ ጥያቄ ጠየቀች፤ የጉብኝቱ አቅጣጫ በእሱ ተለወጠ። «ይሄን ኮራል የተሸከሙት ሰዎች የት ነበር የሚኖሩት?» ልጁ ሳቅ አለና «ኑ ላሳያችሁ» ብሎ ወደ ታች ወሰደን።

ፈረንሳዮቹ የሰፈሩት ከፍታው ላይ ነው፤ ነፋስ የሚገኝበት ቦታ። የአገሬው ሰው የሰፈረው ዝቅ ያለው፣ ዝናብ ሲዘንብ ውሃ የሚተኛበት ነው። ለራሳቸው ሰፈር ስም ሰጡ። ለዚህኛው ቁጥር ሰጡት። ካርቲዬ 1፣ ካርቲዬ 2፣ ካርቲዬ 3 እያለ ይሄዳል። እስከ ዛሬም ሰው እንደዚያው ይጠራዋል። በሁለቱ መካከል ያለው ገበያ «ሌ ኬስ» ይባላል። ሽቶው፣ ሽርጡ፣ ፕላስቲኩ፣ ቅመሙ፣ ሁሉም አለ። አጠገቡ የሐሙዲ መስጊድ አለ፤ በ1906 እ.ኤ.አ. የተሠራ፣ አንድ ሚናራ ብቻ ያለው፣ ሰፋ ያለ። ሐጂ እዚያ ዙሁር ሰገዱ። እኛ ጥላ ሥር ጠበቅናቸው።

ልጁ ሌላም ነገረን። እ.ኤ.አ. በ1966 የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ደ ጎል ሊጎበኝ ሲመጣ ሕዝቡ የነጻነት መፈክር ይዞ ወጣ። ብጥብጥ ሆነ። ከዚያ በኋላ ፈረንሳይ ከተማዋን በሽቦ አጥር ከበበቻት። ከውጭ የሚመጣ ያለ ወረቀት እንዳይገባ ነው። ማታ ያለፍንባት ባልባላ ከአጥሩ ውጭ የቀሩት ሰዎች ሰፈር ናት። ሲነግረን ድምፁን አልቀየረም፤ የገዢዎቹን ስም የደረደረበት ድምፅ ነው። እኔ ግን ከቅስቱም ከካፌውም ይልቅ ይሄ ነው አብሮኝ የተመለሰው። አስጎብኚዎች ይሄን ከጠዋቱ ቢጀምሩት ይሻል ነበር።

ምሳ የየመን ዓሣ በላን። ዓሣውን ለሁለት ይገምሱትና በርበሬ ቀብተው ጉድጓድ ምድጃ ውስጥ ያወርዱታል። ከትልቅ ቂጣ ጋር ይቀርባል። በጎኑ ቂጣው ከሙዝና ከማር ጋር ተፈትፍቶ ይመጣል፤ ጭኮ የሚወድ ወሎዬ ይሄን አይጠላም። ዓሣውን ለመብላት ማንኪያ የጠየቀው ነጋዴያችን ብቻ ነው። ሒሳቡ በጅቡቲ ፍራንክ ነው። አንድ ዶላር 177 ፍራንክ ከምናምን ነው፤ ይሄ ምንዛሪ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ አልተነቃነቀም። ነጋዴው ይሄን ሲሰማ ማንኪያውን አስቀምጦ ዝም አለ።

ሰባት ሰዓት ገደማ ላይ ከተማው ተነቃነቀ። ጫት ገባ። ጫቱ በየቀኑ ከእኛ አገር፣ ከሐረርጌ በኩል ነው የሚመጣው። ሴቶች እርጥብ ጆንያ አልብሰው መንገድ ዳር ይሸጡታል። ከዚያ በኋላ ሱቅ ይዘጋል፣ ሰው ይጠፋል፣ አስጎብኚያችንም ዓይኑ ሰዓቱ ላይ ሆነ። እኛም ለጫት እንግዳ አይደለንም። ሐጂ ግን አልተመቻቸውም። «ዱዓው የታል? ቡናው የታል?» አሉ። «ይሄ ቅጠል መብላት ነው።» ልጁ ከልቡ ሳቀ። ግን ሰዓቱን ማየቱን አልተወም።

ማምሻውን ኤስካል ወደሚባለው ትንሹ ወደብ ወረድን። ወደ ታጁራና ወደ ኦቦክ የሚሄዱት ጀልባዎች ከዚህ ነው የሚነሱት። ትልልቆቹ የዕቃ መጫኛ ክሬኖች በሩቁ ይታያሉ፤ የዶራሌ ወደብ ነው። ወደዚያ ጎብኚ አይገባም፣ ፎቶም አይነሳም። የአሜሪካ ጦር እዚህ አለ፣ የፈረንሳይ አለ፣ የጃፓንና የጣሊያን አለ፣ ከ2017 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ የቻይና። ከሰሉ ቀረ እንጂ የቦታው ፈላጊ አልቀረም። ነርሷ ጫማዋን አውልቃ ባሕር ገባች። መምህሩ ውሃውን በጣቱ ቀመሰና «እውነትም ጨው ነው» አለ። ሃያ ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማረ ሰው ነው!

ሐሙስ

ጠዋት ባሕረ ሰላጤውን ዞረን ወደ ታጁራ ሄድን። በመንገድ ላይ አሳል ሐይቅን አየን፤ ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር፣ የአፍሪካ ዝቅተኛው ቦታ። ዳርቻው ነጭ ጨው ነው። ነጸብራቁ ዓይን ያማል፤ ብዙ አልቆየንም።

ታጁራ ከጅቡቲ በጣም ትቀድማለች። ትንሽ፣ ነጭ፣ ጸጥ ያለች ከተማ ናት፤ የሰባት መስጊዶች ከተማ ይሏታል። ከፈረንሳይ በፊት የሲራራ ነጋዴው ወደብ ይህች ነበረች። ከሸዋ የሚወርደው ሲራራ በአፋር በረሃ አድርጎ እዚህ ይደርሳል። ዝሆን ጥርስ ይወርዳል፣ ጨርቅና ጠመንጃ ይወጣል። ባሪያም ይወርድ ነበር፤ ይሄን ሳይጠቅሱ ስለ ታጁራ ማውራት ልክ አይመስለኝም። ገጣሚው ራምቦ ለምኒልክ ጠመንጃ ሊያደርስ ሲል እ.ኤ.አ. በ1885 መጥቶ ወራት የተጉላላው እዚሁ ነው።

አሁን ታጁራ አዲስ ወደብ አላት፤ የተመረቀው በ2017 እ.ኤ.አ. ነው። ከወልድያ አጠገብ ከሐራ ገበያ ተነስቶ በሰመራ በኩል እዚህ የሚደርስ ባቡርም ታቅዶ ነበር። ከአዋሽ ኮምቦልቻ የመጣው ሐዲድ የዚሁ ዕቅድ አካል ነው። ኮምቦልቻ ላይ ሐዲዱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ተዘርግቷል፣ ጣቢያው ተሠርቷል፣ ባቡር ግን የለም። ሐጂ ወደቡን አይተው «እና ይሄኛው እስከ እኛ ድረስ ሊመጣ ነበር?» አሉ።

«ታስቦ ነበር» አለ መምህሩ።

«ከመጣ ሾፌር ምን ይበላል?»

እዚህ ላይ ትልቅ ክርክር ተነሳ። ነጋዴው ባቡር ከመጣ ዕቃ ይረክሳል አለ። ሐጂ ጋላፊ ላይ የቆመውን ሰልፍ አስታውሰው፣ የዚያ ሁሉ ሰው ቤተሰብ አለ አሉ። እኔ ለነጋዴው አደላሁ፤ ግን ጮክ ብዬ አልተናገርኩም። ክርክሩ ጅቡቲ እስክንመለስ አላለቀም።

አርብ

አርብ እዚያ የዕረፍት ቀን ስለሆነ ገበያው ዝግ ነበር፤ ዕቃ ለመግዛት ያሰበ ረቡዕ ካልገዛ አለቀለት። በማለዳ ተነስተን በመጣንበት መንገድ ተመለስን። ሚሌ ላይ ፍተሻው ረጅም ነበር። የነጋዴያችን ሻንጣ ውስጥ የተገኘው ሽቶ ከሁላችንም ይበልጥ ነበር፤ ከተቆጣጣሪው ጋር የተነጋገሩትን አልሰማሁም።

መሄድ ለምታስቡ ሁለት ሦስት ነገር ልበል። ከጥቅምት እስከ የካቲት ሂዱ፤ በክረምቱ ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ፓስፖርትና ቪዛ ሳይኖራችሁ ጋላፊን አታስቡት። ወደቡን፣ የጦር ሰፈሩንና ቤተ መንግሥቱን ፎቶ አታንሱ። ጉብኝቱን ጠዋት ጨርሱ፤ ከሰባት ሰዓት በኋላ አስጎብኚያችሁን አታገኙትም። የምትነሱት ከደሴ ከሆነም ሰኞ ተነሱና ባቲ ላይ ሾፌሩን ቢያንስ ሁለት ሰዓት ለምኑት።